ኮሚዩኒቲ ወይስ ዩኒቨርሲቲ፦ የራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ ምርጫ

ጥያቄ፦ “ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቄ ሦስት ዓመት በጂፒነት ከሠራሁ በኋላ በዲቪ ወደ አሜሪካ መጣሁ። አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ፈተናዎቹን ጨርሼ ለራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) አመለከትኩ፤ ለቃለ መጠይቅ ከጠሩኝ መካከል ሁለቱ ልቤን ከፍለውታል። አንደኛው በትልቅ ከተማ ያለ ስመ ጥር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ በዓመት 12 ሬዚደንት ይቀበላል፣ ፌሎዎቹ (ከሬዚደንሲ በኋላ በአንድ ዘርፍ የሚሠለጥኑት) ብዙ ናቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲኒየር (ሥልጠናውን የጨረሰ) ሐኪም አለ። ሁለተኛው በመካከለኛ ከተማ ያለ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል ነው፤ በዓመት 4 ብቻ ይቀበላል፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ትስስር አለው፣ የአንደኛ ደረጃ የአደጋ ማዕከል ነው፣ ሌሊት ምስሎቹን የሚያነቡት ሬዚደንቶቹ ናቸው። ጓደኞቼ ‘ኮሚዩኒቲ ከገባህ ፌሎሺፕ አታገኝም፣ ቦርዱን (የስፔሻሊቲ ፈተናውን) ትወድቃለህ፣ አገር ቤት ስትመለስም ማንም አይቆጥርህም’ ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲውን አንደኛ ካላደረግሁ ተሳሳትኩ ማለት ነው? ወይስ ኮሚዩኒቲው የበለጠ የሚፈልገኝ ስለመሰለኝ ለመግባት ስል እሱን ላስቀድም? ወደፊት ሁሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ሆኜ መሥራት፣ በየዓመቱም የተወሰነ ጊዜ ኢትዮጵያ ሄጄ ማስተማር እፈልጋለሁ።”

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ከተሳሳተ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ይሆናል። “የበለጠ የሚፈልገኝን ላስቀድም” የሚለው ስሌት ማች ውስጥ (አመልካቾችና ፕሮግራሞች የየራሳቸውን የምርጫ ዝርዝር አስገብተው በሚደለደሉበት ሥርዓት) አይሠራም። ማቹን የሚያካሂደው የኤንአርኤምፒ ድልድል የሚነሣው ከአመልካቹ ዝርዝር ነው። አንደኛ ያደረጉትን ይሞክራል፤ እዚያ ቦታ ካልተገኘ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ሁለተኛው ጋር ሲደርስ ያንን ፕሮግራም አንደኛ ካደረጉት ሰዎች ጋር እኩል ነው የሚታዩት፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ስለሞከሩ የሚቀነስብዎት ነገር የለም። ፕሮግራሞቹ ዝርዝርዎን አያዩትም፤ በስንተኛ ደረጃ እንዳስቀመጧቸው እንዲነግሯቸው መጠየቅም በደንቡ ክልክል ነው። የዛሬው ስሌት በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራው አልቪን ሮት በመራው ሥራ ሲሆን፣ ሰውየው በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ ሆኗል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው በልብዎ ያለው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። የቀረው ጥያቄ የትኛው በልብዎ ይቅደም የሚለው ነው።

“ኮሚዩኒቲ” እና “ዩኒቨርሲቲ” የጥራት ደረጃዎች አይደሉም። ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ኤሲጂኤምኢ ለሁለቱም የሚጠቀመው አንድ መስፈርት ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር የሚያወጣው ፍሪዳ የተባለው የፕሮግራሞች ማውጫም ቢሆን በዋናነት የሚለየው ሦስት ዓይነት ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ፣ ኮሚዩኒቲ ሆኖ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ፣ ራሱን ችሎ የቆመ ኮሚዩኒቲ። የእርስዎ ሁለተኛው ፕሮግራም ከመካከለኛው ወገን ነው። ይህ ወገን ደግሞ ከሁሉም ሰፊው ነው፤ አንዳንዱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሬዚደንት ይለዋወጣል፣ አብሮ ያስተምራል፣ ሌላው ግን ትስስሩ በበሩ ላይ ከተሰቀለው አርማ አያልፍም።

እውነተኛው ልዩነት ያለው የአስተማሪው ደመወዝ ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲው ሲኒየሩ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ተቀጣሪ ነው፤ ለማስተማርና ለምርምር የተመደበ ጊዜ አለው፣ ዕድገቱም በከፊል በዚያ ይለካል። በኮሚዩኒቲው ሲኒየሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታሉ ጋር ውል ያለው የግል ሐኪሞች ቡድን አባላት ናቸው፤ ገቢያቸው የሚመጣው ካነበቡት ሥራ ነው። እርስዎን አጠገቡ አስቀምጦ አንድን የጉልበት ኤምአርአይ ሃያ ደቂቃ ሲያስረዳዎት፣ ያ ሃያ ደቂቃ ከራሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ይህን እያወቀ የሚያስተምር ሰው ማስተማር ስለሚወድ ነው የሚያስተምረው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሞሉባቸው ቡድኖች አሉ። ሬዚደንቱን እንደ ርካሽ ጉልበት የሚቆጥሩም አሉ። የሁለቱም ስም “ኮሚዩኒቲ” ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ሦስት ፍርሃቶች ልምጣ። ቦርዱን በተመለከተ፣ ኮር የሚባለው የኤቢአር (የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቦርድ) ፈተና ከ36 ወር ሥልጠና በኋላ በኮምፒውተር የሚሰጥ ለሁሉም አንድ የሆነ ፈተና ነው፤ በምስክር ወረቀቱ ላይም “ኮሚዩኒቲ” የሚል ቃል አይጻፍም። በሕግ የተወሰኑት ዝቅተኛ ልኮችም እንዲሁ አንድ ናቸው። ለምሳሌ የጡት ራጅ ለማንበብ የፌዴራል ሕጉ የቦርድ ሰርተፊኬት ወይም የሦስት ወር ሥልጠና፣ በተጨማሪም በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ የተነበቡ ቢያንስ 240 ምርመራዎችን ይጠይቃል፤ ሆስፒታሉ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሆኖም ፕሮግራሞች በኮር ውጤታቸው ይለያያሉ፤ ስለዚህ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን የአምስት ዓመት ውጤት ይሁን። በዓመት አራት ሬዚደንት ባለው ቦታ አንድ ሰው ቢወድቅ የዚያ ዓመት ውጤት 75 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ምንም አይናገርም። በአምስት ዓመት ከሃያው አንድ ከወደቀ ጥሩ ነው። አምስት ከወደቁ ግን ችግሩ የሬዚደንቶቹ ብቻ አይደለም።

ፌሎሺፑ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ከራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ የሚመረቁት አብዛኞቹ አንድ ዓመት ፌሎሺፕ ይሠራሉ፤ የራዲዮሎጂስት እጥረት በበረታበት በዚህ ጊዜ ደግሞ በስመ ጥር ማዕከላት ሳይቀር ቦታዎች ሳይሞሉ ይቀራሉ። ከኮሚዩኒቲ ወጥቶ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮራዲዮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ምስል) ፌሎሺፕ መሥራት የየዓመቱ ተራ ነገር ነው፤ ቀጣሪዎችም ከሁሉ በፊት ዓይናቸው የሚያርፈው በዚያች በመጨረሻዋ ዓመት ላይ ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ በደም ስር ውስጥ እየገቡ የሚያክሙበት ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ የራሱ ሬዚደንሲና የራሱ ፉክክር አለው፤ ልብዎ እዚያ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ከሌሎች ፕሮግራሞች ሬዚደንቶች ጋር የሚያገናኝዎት ትምህርትም ለኮሚዩኒቲው ዝግ አይደለም። የራዲዮሎጂ ምስልን ከፓቶሎጂ (ከሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ጋር እያገናዘበ የሚያስተምረው የኤአይአርፒ የአራት ሳምንት ኮርስ ከየአቅጣጫው ሬዚደንቶችን የሚሰበስበው እርስዎ በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፕሮግራሙ ወጪውን ይሸፍን እንደሆነ ግን ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልዘግይበት።

ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ሳለሁ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስት ስክሪንና አንድ ማረፍ የማይወድ ስልክ። ድንገተኛ ክፍል ሆዷን የታመመች አንዲት አረጋዊት ሲቲ ላኩልኝ። ትርፍ አንጀቱን አየሁ፤ ደህና ነው። ሐሞት ከረጢቱ፣ ኩላሊቱ፣ ቆሽቱ ደህና ናቸው። አንጀቱ አልታጠፈም፣ የወጣ አየር የለም። “አጣዳፊ ችግር አይታይም” ብዬ ጻፍኩና በመኪና አደጋ ወደመጣ ወጣት አለፍኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲኒየሩ ቡናውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌሊት የጻፍኳቸውን አንድ በአንድ ይከፍታል። የሴትዮዋ ጋ ሲደርስ ምንም አልተናገረም፤ ምስሉን በትልቁ ደም ቅዳ ቁልቁል ወረደና አንጀትን የሚመግበው ደም ስር ላይ ቆመ። በቀለሙ ነጭ ሆኖ የሚወርደው ደም ስር ከመነሻው ጥቂት ሴንቲሜትር እንደሄደ ድንገት ይጠፋል። “ይህ ደም ስር ወዴት ሄደ?” አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ስልኩን አንሥቶ ቀዶ ሐኪሙን ጠራ። ሴትዮዋ የአንጀቷ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፣ ሕይወቷ ተረፈ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ደም ስር ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳልከተል የዘጋሁት የሆድ ሲቲ የለም።

ይህን የነገርኩዎት ብቻውን ማንበብ ያስተምራል ለማለት ብቻ አይደለም። ያስተማሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሌሊት ብቻዬን ሆኜ ቃሌን ጻፍኩ፤ ጠዋት ሌላ ሰው ከፍቶ አሳየኝ። ሲኒየሩ ሌሊት አጠገቤ ቢሆን ኖሮ “አንተስ ምን ይመስልሃል?” ብዬ ውሳኔውን ለእሱ እሰጥ ነበር። ጠዋት የሚያሳየኝ ባይኖር ደግሞ ያንኑ ስህተት ለዓመታት እደግመው ነበር፤ ራዲዮሎጂ ውስጥ ያልታየ ነገር ራሱ ተነሥቶ አይናገርምና። ስለዚህ ኮሚዩኒቲው “ሌሊት የሚያነቡት ሬዚደንቶች ናቸው” ሲልዎት ግማሹን ነው የሰሙት። ሌላው ግማሽ፦ ጠዋት ማን ያርመዋል? ስህተቱን ለሬዚደንቱ የሚነግረው ማን ነው? በአካል ነው ወይስ በአንዲት መስመር መልእክት?

ለዩኒቨርሲቲውም ፍትሐዊ ልሁን። ሌሊት ሲኒየር የሚያስቀምጡ ሆስፒታሎች የሚያደርጉት ለታካሚው ብለው ነው፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የመጨረሻውን ሪፖርት በዚያው ሰዓት ይፈልጋል፣ እኔ የሳትኩት ዓይነት ነገርም በዚያው ሰዓት ይያዛል። ይህን የምነቅፍበት አፍ የለኝም። የሬዚደንቱ ሥልጠና ግን ሲኒየሩ ከመክፈቱ በፊት ሬዚደንቱ የራሱን ሪፖርት ጽፎ እንዲፈርምበት ይደረጋል ወይ በሚለው ላይ ይወሰናል። ይህን በጥብቅ የሚያስጠብቁ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከእነሱ የሚወጡትን ማንም አይበልጣቸውም። ሲኒየሩ ሁሉን ቀድሞ ከፍቶ ሬዚደንቱ እንደ ጸሐፊ የሚቀዳባቸውም አሉ። ለማንኛውም፣ በመስፈርቱ መሠረት ማንም ሬዚደንት ቢያንስ 12 ወር ራዲዮሎጂ ሳይሠለጥን ብቻውን ዲዩቲ ሊቀመጥ አይገባም። ከዚያ በፊት የሚያስቀምጥ ቦታ ካጋጠመዎት ያለ ማመንታት ከዝርዝሩ ያውጡት።

ዩኒቨርሲቲው ኮሚዩኒቲው ሊሰጥ የማይችለውን ይሰጣል። ጉበትና ኩላሊት የሚተካበት፣ የሕፃናት ሆስፒታል በአንድ ግቢ ያለበት፣ ስማቸውን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቋቸው በሽታዎች በየሳምንቱ የሚገቡበት ቦታ ነው። ስለ አንድ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሐኪሙ፣ ኦንኮሎጂስቱ፣ ፓቶሎጂስቱና ራዲዮሎጂስቱ በአንድ ጠረጴዛ ሲከራከሩ መስማት ራሱ ትምህርት ነው። ሙሉ ቀን የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ብቻ ከሚያነብ ሰው የሚቀስሙት ነገር፣ ከራስ እስከ እግር ከሚያነብ ሰው አይገኝም። በሌላ በኩል ፌሎዎች በበዙበት ቦታ የባዮፕሲውን (ለምርመራ ናሙና የሚወሰድበትን) መርፌ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ፌሎው ነው፤ ሬዚደንቱ ከትከሻው በላይ ያያል። ጥሩ ፌሎ ደግሞ ከሲኒየሩ የበለጠ ያስተምራል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ግልጽ ነው፦ አራተኛ ዓመት ሬዚደንት ባለፈው ወር ስንት ባዮፕሲ በእጁ ሠራ?

ኮሚዩኒቲው ላይ ያሉት አደጋዎች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ሦስቱን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ቴሌራዲዮሎጂ ነው። አንዳንድ ቡድኖች የሌሊቱን ሥራ ሌላ ቦታ ሆኖ ለሚያነብ ኩባንያ ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ሬዚደንቱ ሌሊት በሰላም ይተኛል፣ ሲመረቅ ግን ድንገተኛ ክፍልን አያውቃትም። ዛሬ ሬዚደንቶች የሚያነቡበት ቦታም የዛሬ ሁለት ዓመት እንደዚያ ይቆያል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ብዛት ያለ ጥራት ነው። በቀን መቶ የደረት ራጅ ማንበብ ፍጥነት ይሰጣል፣ መቶውን ያረመልዎት ሰው ከሌለ ግን ስህተትን በፍጥነት መሥራት ነው የሚለምዱት። ሦስተኛው የውሉ ጉዳይ ነው። ሆስፒታሉ ከሐኪሞቹ ቡድን ጋር ያለውን ውል ቢያቋርጥ ወይም ቡድኑ ለባለሀብት ድርጅት ቢሸጥ፣ አስተማሪዎችዎ በአንድ ክረምት ሊበተኑ ይችላሉ።

ይህን ሲሰሙ “እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል” እንዳይሉ አንድ የታወቀ ነገር ላስታውስዎ። ፊላዴልፊያ የነበረው ሃነማን የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስሙ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራው ከድሬክሰል የሕክምና ኮሌጅ ጋር ነበር፤ ባለቤቱ ግን የግል ኢንቨስተር ነበር። በ2019 ክረምት ኪሳራ አውጆ ሲዘጋ ከ550 በላይ ሬዚደንቶችና ፌሎዎች ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ ወጡ፤ ለሬዚደንቶቹ የተመደቡት በመንግሥት የሚደጎሙ ቦታዎች ሳይቀሩ ለጨረታ ቀርበው ነበር። ከእነዚያ መካከል በቪዛ ያሉት ጭንቀታቸው ከሁሉም የከፋ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታሉን ስም ሳይሆን ባለቤቱንና ሒሳቡን ይመልከቱ፤ የአካባቢው ጋዜጣ ላይ ስለ ሆስፒታሉ ኪሳራና ሽያጭ የተጻፈውን ማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ በሁለቱም በኩል የገባ ለውጥ አለ። ሲኒየሮች ከቤታቸው ያነባሉ። ሬዚደንቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይጽፋል፣ ሪፖርቱ ማታ ተስተካክሎና ተፈርሞ ይመለሳል፣ ምን እንደተለወጠ ፈልጎ ማግኘት የሬዚደንቱ ፋንታ ነው። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ለእርስዎ በተለይ። ኤቢአር ከ2028 ጀምሮ የመጨረሻውን የሰርተፊኬት ፈተና ወደ ቃል ፈተና ይመልሰዋል። እርስዎ ዘንድሮ ገብተው የሚፈተኑት ከዚያ በኋላ ነውና፣ ፈታኙ ፊት ምስል ተከፍቶልዎት የሚያዩትን፣ የሚጠረጥሩትንና የሚመክሩትን በአፍዎ መናገር ይጠበቅብዎታል። ይህ የሚለመደው በየቀኑ ከሲኒየር ጎን ተቀምጦ ጮክ ብሎ በማንበብ፣ በየምሳው ኮንፈረንስ ላይም ስምዎ ተጠርቶ አይተውት የማያውቁት ምስል ሲቀርብልዎት ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነው ለእኛ ልምምዱ በእጥፍ ያስፈልገናል። ስለዚህ በጉብኝቱ ቀን የንባብ ክፍሉን ራስዎ ይቁጠሩት፦ ስንት ወንበር አለ፣ ስንቱ ላይ ሲኒየር ተቀምጧል?

ስለ ኢትዮጵያ ያነሡት ምርጫውን ከሚገምቱት በላይ ይነካዋል። አገር ቤት አንድ ራዲዮሎጂስት በአንድ ከሰዓት በኋላ የደረት ራጅ፣ የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ፣ የራስ ሲቲና የሆድ ዕጢ ያያል፤ “ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም” የሚልበት ሰው የለውም። ለዚህ የሚያዘጋጀው ሁሉን በሚያነቡ ሰዎች እጅ መሠልጠን ነው፤ ይህ የኮሚዩኒቲው ጥንካሬ ነው። ግን ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚጎድላቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ አልትራሳውንዱን የምትሠራው ባለሙያዋ ሶኖግራፈር ናት፤ ሐኪሙ የሚያነበው የተላከለትን ምስል ነው። አገር ቤት ግን ፕሮቡን (የአልትራሳውንዱን መንኪያ) ይዞ ሆዱ ላይ የሚያዞረው ሐኪሙ ራሱ ነው። አራት ዓመት ምስል ብቻ አንብቦ ጥቁር አንበሳ ወይም ጎንደር ሬዚደንቶች ፊት የሚቆም ሰው፣ ፕሮቡን ሲያዙት ያፍራል። የትም ቢገቡ በወር ጥቂት ቀን ከሶኖግራፈሮቹ ጋር በእጅ ለመሥራት ጊዜ እንዲሰጥዎት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይጠይቁ። ሳንባ ነቀርሳውን ደግሞ ከዚህ አይማሩትም፤ በጂፒነት ያዩት ሦስት ዓመት ከአሜሪካኖቹ ባልደረቦችዎ በላይ የሚያደርግዎት እዚያ ላይ ነው።

ለማስተማር የሚሄዱበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀጥረው ቢሠሩ ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ጋር ይፋዊ ትብብር መመሥረት ይቀላል። በግል ቡድን ውስጥ ደግሞ ብዙ የዕረፍት ሳምንት ይሰጣል፤ በዓመት ከስምንት ሳምንት በላይ የሚሰጡ ብርቅ አይደሉም። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ሬዚደንሲው የት ነበር የሚለው አይወስነውም።

እርስዎ የመኖሪያ ፈቃድ ስላለዎት የቪዛው ጣጣ አይነካዎትም፤ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ግን አንድ ነገር ልበል። ጄ ዋን ቪዛ የሚይዝ ሰው ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ መመለስ ወይም ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሠርቶ ነጻ መሆን ይጠበቅበታል፤ ለዚህ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በኮንራድ ፕሮግራም በዓመት የሚደግፈው 30 ሐኪም ብቻ ነው። ኤች ዋን ቢ የሚሰጥ ፕሮግራም ጥቂት ነው፤ የሚሰጠውም ስቴፕ ሦስት የተባለውን የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና አስቀድሞ ይጠይቃል። በዚህ ላይ የተባለውን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ማንንም ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ አያስገቡ። አገር ቤት ራዲዮሎጂ ስፔሻላይዝ አድርጎ የመጣ ሰው ደግሞ ሬዚደንሲ ሳይደግም በአንድ ተቋም አራት ዓመት በተከታታይ በፌሎነት ወይም በአስተማሪነት ሠርቶ ለኤቢአር ፈተና የሚቀርብበት አማራጭ መንገድ አለ። ለዚያ ሰው መልሴ የተለየ ነው፤ መንገዱ በተግባር የሚያልፈው በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነውና ወደዚያ ይሂድ።

አንድ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። አብዛኛው የራዲዮሎጂ ቦታ ከአንድ የክሊኒክ ዓመት (በሽተኛ እያከሙ ከሚሠለጥኑበት) በኋላ የሚጀምር ነው። ያ ዓመት ከፕሮግራሙ ጋር የተያያዘ ካልሆነ ለብቻው ማመልከትና ተጨማሪ ዝርዝር ማስገባት ግድ ነው። ራዲዮሎጂውን አግኝቶ የመጀመሪያውን ዓመት ያጣ ሰው በማች ሳምንት ቦታ ፍለጋ ይሯሯጣል። ሁለቱንም ፕሮግራሞች “ዓመቱ ከእናንተ ጋር ነው ወይስ ለብቻ?” ብለው ካልጠየቁ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ውሳኔው። በነገሩኝ መሠረት፣ ሁሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት መሆን ለሚፈልግ፣ ምርምርን ሙያው ሊያደርግ ላላሰበና የቪዛ ችግር ለሌለበት ለእርስዎ፣ ሁለተኛውን ፕሮግራም አንደኛ ያድርጉት። የአደጋ ማዕከሉ፣ አራት ብቻ መሆናቸውና ሌሊቱ በሬዚደንት እጅ መሆኑ ተደምረው ከዩኒቨርሲቲው ስም ይበልጡብኛል። ይህን የምለው ግን ሦስት ነገር ከተረጋገጠ ነው። የሌሊቱን ሪፖርት ጠዋት በአካል የሚያርም ሲኒየር ይኑር። የአምስት ዓመት የኮር ውጤታቸውን ሳይሸሽጉ ይንገሩዎት። የሐኪሞቹ ቡድን ውል በሚቀጥሉት ዓመታት የማያልቅ ወይም የታደሰ ይሁን። ከሦስቱ አንዱ እንኳ “አይ” ከሆነ፣ ወይም መልሱ ተድበስብሶ ከመጣ፣ ዩኒቨርሲቲውን ያስቀድሙ፤ በዚያ ከገቡም ሲኒየሩ ከመክፈቱ በፊት ሪፖርትዎን ጽፈው መጨረስን ከመጀመሪያዋ ዲዩቲ ጀምሮ የራስዎ ሕግ ያድርጉት።

የሕፃናቱን ክፍል የት እንደሚማሩም ያጣሩ። ኮሚዩኒቲው ሌላ ከተማ ወዳለ የሕፃናት ሆስፒታል የሚልክዎት ከሆነ ቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልና ስንት ወር እንደሆነ ይወቁ። እነዚህን ጥያቄዎች ለዳይሬክተሩ አያቅርቡ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ላለ ሬዚደንት ይደውሉ፣ ከዲዩቲ በወጣ ማግሥት ቢሆን ይመረጣል። “ትናንት ሌሊት ስንት አነበብክ? ዛሬ ጠዋት ማን ምን አለህ?” ብለው ይጠይቁት፤ ዝርዝሩን የሚቆልፉት የእሱን መልስ ከሰሙ በኋላ ይሁን።